ሞተር የሚሞተው በኪሎ ሜትር አይደለም

ስለ ቱርቦ ናፍጣ ሞተር አሠራርና አያያዝ ለአሽከርካሪዎችና ለመኪና ባለቤቶች የተደረገ ንግግር፣ በጽሑፍ እንደተዘጋጀ

እንደምን አደራችሁ። ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ብዙዎቻችሁ መሪ ላይ የምትውሉ ሰዎች ናችሁ። ጥያቄ እንደሚበዛ ስለማውቅ መጨረሻ ላይ ሰዓት አስቀርቻለሁ።

ዛሬ የማወራው ስለ ሁሉም ናፍጣ ሞተር አይደለም። ሁላችንም የምናውቃቸውን ሁለቱን ይዤ ነው የመጣሁት። ቶዮታ ዲ ፎር ዲ ብሎ ከሸጣቸው ሞተሮች ውስጥ 1ኬዲ እና 2ኬዲ የሚባሉትን። አባዱላ የሚነዳ፣ ሃይሉክስ ፒካፕ ያለው ወይም ፕራዶ የያዘ ሰው ኮፈኑን ሲከፍት ከሁለቱ አንዱን የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። የሌላ ፋብሪካ ቱርቦ ናፍጣ ያላችሁም አትከፉ። የምናገረው አብዛኛው ለእናንተም ይሠራል።

ጉዳዩ አሁን የባሰ ያሳስበኛል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወስኗል። በእጃችን ያለው ሞተር እንግዲህ እንደ ድሮው ሲያረጅ በሌላ የሚተካ አይደለም። ገና ብዙ ዓመት ይሠራልን ብለን የምንጠብቀው ይኸው ያለን ነው።

እኔ ከጋራዥ ሥራ የተማርኩት አንድ ነገር አለ፤ እሱን ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይበቃኛል። እነዚህን ሞተሮች የሚጨርሳቸው የሄዱት ርቀት ሳይሆን ዘይታቸው ነው። ግማሽ ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ሄደው ቴስታታቸው፣ ማለትም ከሲሊንደሮቹ በላይ ያለው የሞተሩ ራስ፣ ያልተነካ አይቻለሁ። 150 ሺህ ሳይሞላቸው ኮሎ፣ ማለትም ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዋና ዘንግ፣ የበሉም አይቻለሁ። ሁለቱም አንድ ዓይነት ሞተር ናቸው። ልዩነቱ ዘይቱ ንጹሕ ሆኖ፣ በበቂ መጠን፣ መድረስ ያለበት ቦታ መድረሱና አለመድረሱ ላይ ነው።

ከአሠራሩ ልጀምር። የቤንዚን ሞተር ብልጭታ የሚሰጥ ካንዴላ አለው። ናፍጣ ሞተር የለውም። አየሩን ብቻውን አስገብቶ በኃይል ይጨምቀዋል። 1ኬዲ ቀደም ባሉት ሞዴሎቹ አየሩን ወደ 18 እጥፍ ገደማ ይጨምቃል፤ 2ኬዲ ትንሽ ይበልጣል። አየር በዚህ መጠን ሲጨመቅ ሙቀቱ ከ500 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ናፍጣ እዚያ ውስጥ ሲረጭ ማንም ሳይለኩሰው ይነዳል። የሩዶልፍ ዲዝል ሐሳብ ይኼው ነው። ፓተንቱን እ.ኤ.አ. በ1893 አገኘ፤ በደንብ የሚሠራ ሞተር ያሳየው ደግሞ በ1897 ነው። አልፍሬድ ቡኺ የተባለው ስዊዛዊ መሐንዲስ የቱርቦን ሐሳብ በ1905 አስመዘገበ። ሁለቱ በአንድ የቤት መኪና ውስጥ ተገናኝተው ገበያ ላይ የወጡት ግን ብዙ ቆይቶ፣ በ1978 ነው፤ በመርሴዲስ 300 ኤስዲ።

አሁን ወደ ኛ ሰፈር እንምጣ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ሞተር ታዲያ እዚህ ሲደርስ ከጉልበቱ ሩቡን ያህል ያጣል። አየር ካነሰ የሚነደው ናፍጣም ያንሳል። ትርፍ ናፍጣ ብትሰጡት ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ዳገት ላይ ጭሱን እያንቦለቦለ የሚንፏቀቅ አሮጌ መኪና ስታዩ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ቱርቦ ይህንን ይክሳል። ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ ጭስ አንድ ትንሽ ተርባይን ያሽከረክራል። በዚያው ዘንግ በሌላው ጫፍ ያለው ሌላ ጎማ አየር እየሳበ ወደ ሲሊንደር ይገፋል። ደጋ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦው ያንኑ ግፊት ለመስጠት ከቆላው የበለጠ መሽከርከር አለበት። የእንዲህ ዓይነት ትንሽ ቱርቦ ዘንግ በደቂቃ ከ150,000 ዙር በላይ ሊዞር ይችላል። በዚህ ፍጥነት የሚዞረው ዘንግ ብረት ላይ ተቀምጦ አይደለም የሚዞረው። ስስ የዘይት ሽፋን ላይ ተንሳፍፎ ነው። ያ ሽፋን ለጥቂት ሰከንድ ቢጠፋ ወይም ውስጡ ጥቀርሻ ቢኖር ምን እንደሚሆን ለመገመት መካኒክ መሆን አያስፈልግም።

ቁጥሮቹን በአጭሩ ልንገራችሁ፤ ኋላ ስለ አነዳድ ስናወራ ይጠቅሙናል። 1ኬዲ አራት ሲሊንደር፣ 2,982 ሲሲ ነው። የሲሊንደሩ ስፋት 96 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ምት 103 ሚሊ ሜትር። መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2000 በፕራዶ ላይ ነው። ሃይሉክስ ላይ ሲገጠም ወደ 163 የፈረስ ጉልበት አለው። ለእኛ ዋናው ግን የመጎተት አቅሙ ነው። 343 ኒውተን ሜትሩን ገና በደቂቃ 1,400 ዙር አካባቢ መስጠት ይጀምራል። 2ኬዲ ታናሹ ነው፤ 2,494 ሲሲ። ኢንተርኩለር፣ ማለትም ከቱርቦ የሚወጣውን አየር የሚያቀዘቅዝ ክፍል፣ የሌለው ዓይነቱ 102 የፈረስ ጉልበትና 260 ኒውተን ሜትር አለው፤ ጉልበቱን የሚሰጠውም ከ1,600 እስከ 2,400 ዙር ባለው ውስጥ ነው።

ናፍጣው የሚረጭበት መንገድ ደግሞ ኮመን ሬይል ይባላል። ፖምፓው ናፍጣውን ለአራቱም ኢንጄክተር፣ ማለትም ናፍጣውን ወደ ሲሊንደር ለሚረጩት ክፍሎች፣ በጋራ በሚያገለግል አንድ ወፍራም ቱቦ ውስጥ ያጠራቅማል። ግፊቱ እስከ 1,600 ባር ይደርሳል። የመኪናችሁ ጎማ ውስጥ ያለው ጥቂት ባር ብቻ ነው፤ ከዚያ ተነስታችሁ አስቡት። ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ኢንጄክተር በኤሌክትሪክ ይከፍታል፣ ይዘጋል። በአንድ ምት ውስጥ መጀመሪያ ጥቂት ጠብታ፣ ቀጥሎ ዋናውን ይረጫል። ዲ ፎር ዲ እንደ ድሮው ናፍጣ የማይንኳኳው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። እዚህ ላይ ትንሽ ብቆይ ይቅርታ አድርጉልኝ።

እያንዳንዱ ኢንጄክተር ቴስታታው ላይ ሲቀመጥ ከሥሩ አንዲት የመዳብ ሮንዴላ፣ ማለትም ትንሽ የቀለበት ማሸጊያ፣ አለች። ሥራዋ የሲሊንደሩ እሳት ወደ ላይ እንዳያመልጥ መዝጋት ነው። በተለይ በ1ኬዲ ላይ ይህቺ ሮንዴላ ከጊዜ ብዛት መዝጋቷን ትተዋለች። የሚያመልጠው የተቃጠለ ጋዝ ወደ ውጭ አይወጣም። ኢንጄክተሩን ተከትሎ ወደ ላይ ወጥቶ በላይኛው ክዳን ሥር ወዳለው ዘይት ይገባል። ትኩስ ጋዝና ጥቀርሻ ከዘይት ጋር ሲገናኝ ዘይቱ ይጠቁራል፣ ይወፍራል፣ ቀስ በቀስም ይጋገራል። የተጋገረው እየተፈረፈረ ከሞተሩ ሥር ወዳለው የዘይት ቋት ይወርዳል።

ቋቱ ውስጥ የዘይት ፖምፓው የሚስብበት አንድ ወንፊት አለ። ቋቱን ሲያወርዱ ለማየት ዕድል ካገኛችሁ ቀረብ ብላችሁ እዩት። ጤነኛ ሲሆን ሽቦው ያንጸባርቃል፤ በቀዳዳዎቹ ብርሃን ታያላችሁ። የታመመው ላይ ጥቁር ፍርፋሪ ቀዳዳዎቹን ሞልቶ ተጣብቋል። በጥፍር ስትጭሩት ደርቆ ይሰበራል፤ በጣት ስታሹት ግን ቅባት አለው። አንዳንዱ ላይ የቀረው ክፍት ቦታ ከአንድ ሳንቲም አይበልጥም። ፖምፓው እየሳበ ነው፣ ቋቱ ውስጥ ዘይት ሞልቷል፣ መለኪያውም ልክ ነው ይላል፤ ወደ ላይ ግን የሚደርስ ዘይት የለም። መጀመሪያ የሚጎዳው ቱርቦው ነው። ቀጥሎ ኮሎው ነው። ባለቤቱ የሚያውቀው ግን ሞተሩ ነክሶ ሲቆም ነው።

በጣም የሚያናድደኝ ነገር አለ። የዚህ ሁሉ መነሻ ዋጋዋ ከአንድ ዘይት ቅየራ የማይበልጥ ሮንዴላ ናት። ምልክትም ትሰጣለች። ጠዋት ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ስታስነሱ ከላይኛው ክዳን አካባቢ ጩፍ ጩፍ የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ። ሲሞቅ ሊጠፋ ይችላል፤ ስለጠፋ ዳነ ማለት አይደለም። ሞተሩ ሞቆ ቆሞ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈቱ። ትንሽ እንፋሎት የተለመደ ነው። እየተመታ የሚወጣ ጭስ ካያችሁ ግን ነገር አለ። የክዳኑን ውስጥም እዩት፤ ሬንጅ የሚመስል ወፍራም ነገር ካለ ወደ መካኒክ መሄጃችሁ ነው። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ የዘይት መብራት ቶሎ አልጠፋ ካለ ደግሞ መኪናውን አታንቀሳቅሱ። እዚያው ባለበት አጥፉት።

ሥራው ሲሠራ አብራችሁ ብትቆሙ ደስ ይለኛል። ኢንጄክተር በወጣ ቁጥር ሮንዴላዋ በአዲስ ትቀየራለች። ያው የድሮዋን አሽቶ መመለስ ሥራ አይደለም። መቀመጫዋም ከካርቦን መጽዳት አለበት፤ ቆሻሻ ላይ የተቀመጠች አዲስ ሮንዴላ ሩቅ አትሄድም። የናፍጣ መመለሻ ቱቦው ላይ ያሉትም ማሸጊያዎች አብረው ይቀየሩ። እነሱ ካንጠባጠቡ ናፍጣው የሚሄደው ወደ ዘይቱ ነው። የዘይት መለኪያችሁ ከቀን ወደ ቀን ከፍ ካለ አትደሰቱ። አሽቱት። ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ ዘይታችሁ ቀጥኗል ማለት ነው፣ ሽፋን መሥራትም አይችልም። ቀደም ሲል ሲያፈስ የቆየ ሞተር ከሆነ ደግሞ ሮንዴላ ቀይሮ መሸኘት በቂ አይደለም። ቋቱ ወርዶ ወንፊቱ መታየት አለበት።

ዘይቱን በምን ያህል ጊዜ እንቀይር ለሚለው የእኔ መልስ 5,000 ኪሎ ሜትር ነው። እዚህ ላይ አልደራደርም። አንዳንድ አገር ከዚያ በላይ ያስኬዳሉ። እኛ ግን አቧራ አለን፣ ዳገት አለን፣ በትራፊክ መጨናነቅ ሞተር ሳይጠፋ ሰዓታት ይቆማል። ያ ሁሉ ሰዓት በኪሎ ሜትር አይቆጠርም፤ ዘይቱ ግን ይቆጥረዋል። ሞተሩ ፊልትሮው ሲቀየር ወደ 7 ሊትር ዘይት ይይዛል። አንዳንድ ቦታ አምስት ሊትር ጨምረው “በቂ ነው” ይሏችኋል። በቂ አይደለም። ፊልትሮውም ከዘይቱ ጋር ሁልጊዜ ይቀየር።

ዘይት ስትገዙ ጣሳው ላይ ያለውን አንብቡ። ለናፍጣ ሞተር የተሠራ መሆን አለበት። ሲኤች-4 ወይም ሲአይ-4 የሚል ደረጃ ያለው ጥቀርሻን በደንብ ይሸከማል። የቤንዚን መኪና ዘይት ውድ ስለሆነ ብቻ ለናፍጣ ይሆናል ማለት አይደለም። ጭስ ማጣሪያ ያላቸው አዳዲሶቹ ሞዴሎች ደግሞ የራሳቸው ዘይት አላቸው፤ የመኪናውን መመሪያ ተመልከቱ። ከበርሜል እየተቀዳ የሚሸጥ፣ ምንጩ የማይታወቅ ዘይት ግን በማንኛውም ዋጋ ውድ ነው።

አንድ የሚያሳስብ አስተያየት ሁልጊዜ እሰማለሁ፦ “ዘይቱ በሳምንቱ ጠቆረ፣ አጭበረበሩኝ።” ናፍጣ ሞተር ውስጥ ዘይት ቶሎ ይጠቁራል። ጥቀርሻውን ከብረቱ እያነሳ መያዙ ሥራው ነው። መጥቆሩ አያስፈራችሁ። የሚያስፈራው መወፈሩ፣ መቅጠኑና መጉደሉ ነው።

ስለ ቱርቦ አያያዝ ሳወራ ሁልጊዜ የአባይ በረሃ ነው ትዝ የሚለኝ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ድልድዩ ስትወርዱ ከ1,300 ሜትር በላይ ቁልቁል ትሄዳላችሁ። ከዚያ ያንኑ ያህል ወደ ደጀን መልሳችሁ ትወጣላችሁ። ሙሉ ጭነት ያለው መኪና ያን ዳገት ሲወጣ ቱርቦው ውስጥ የሚገባው ጭስ ከ700 ዲግሪ በላይ ሊሞቅ ይችላል። ሾፌሩ ደጀን ይደርሳል። ርቦታል። ምግብ ቤቱ ደጃፍ አቁሞ ወዲያው ቁልፉን ያጠፋል።

ሞተሩ ሲጠፋ የዘይት ፖምፓውም ቆመ። ቱርቦው ውስጥ የቀረው ዘይት ግን የጋለ ብረት ላይ ነው። እዚያው ይጠበሳል፣ ካርቦን ይሆናል። አንድ ቀን ምንም አያሳይም። ልማድ ሲሆን ግን ዘይት የሚያልፍበት ቀጭን መንገድ ይጠባል፣ ዘንጉ መላወስ ይጀምራል፣ ከዚያ ሰማያዊ ጭስ ይመጣል። ቶዮታ በመመሪያው ላይ ረጅም ዳገት ከወጣችሁ በኋላ ሳታጠፉ ለ2 ደቂቃ ያህል በቀስታ አሠሩት ይላል። በመቶ ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲመጡ ደግሞ አንድ ደቂቃ ያህል። ከተማ ውስጥ በቀስታ ነድታችሁ ስትቆሙ አያስፈልግም። ሰፈር ውስጥ ዳቦ ገዝቶ የተመለሰ ሰው ደጁ ላይ አምስት ደቂቃ ሞተር ቢያሠራ ለቱርቦው የጨመረለት ነገር የለም።

ስለ ቁልቁለቱም ልናገር። በፎሌ፣ ማለትም ከማርሽ አውጥቶ፣ መውረድ ናፍጣ ይቆጥባል የሚለው እምነት ብዙ ሰው ጋ አለ። በነዚህ ሞተሮች ላይ እውነቱ ተቃራኒው ነው። ማርሽ ውስጥ ሆናችሁ እግራችሁን ከነዳጁ ስታነሱ ኮምፒውተሩ ናፍጣውን ጨርሶ ይዘጋል። ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው። በፎሌ ስትወርዱ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ናፍጣ መርጨቱን ይቀጥላል። ፍሬኑ ብቻውን ሸክሙን ስለሚይዝ ይግላል፤ በረሃው ውስጥ ደግሞ ፍሬን እንቢ ሲል የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። እባካችሁ በፎሌ አትውረዱ።

ስትወጡም ማርሽ ቶሎ ቀንሱ። ቅድም የጠቀስኩላችሁን የ1,600 እና የ2,400 ዙር አስታውሱ። በአራተኛ ማርሽ 1,100 ዙር ላይ እያንቀጠቀጣችሁ ነዳጅ ብትረግጡ፣ ቱርቦው ገና አየር አልሞላም፣ ናፍጣው ግን ተረጭቷል። ያ ጥቁር ጭስ የምትከፍሉበት ናፍጣ ነው። ጥቂቱም ጥቀርሻ ሆኖ ሞተሩ ውስጥ ይቀራል። አንድ ማርሽ ቀንሱና በምቾት ይውጣ።

አየር ፊልትሮ ላይ አልቆይም፤ ግን አንድ ምርመራ ላሳያችሁ። ከፊልትሮው ሳጥን ወደ ቱርቦ የሚሄደውን ጎማ ቱቦ ፈትታችሁ ውስጡን በጣታችሁ ጥረጉት። ጣታችሁ ላይ አቧራ ከወጣ ፊልትሮው አልሠራም፣ ወይም ማሰሪያው ላልቷል፣ ወይም ቱቦው ተሰንጥቋል። አቧራው የቱርቦውን ክንፍ ይበላል፣ ከዚያ አልፎ ሲሊንደሩንና የፒስተን ፋሻውን ይፍቃል። ትንሽ የዘይት እርጥበት ካያችሁ ግን አትደንግጡ፤ ከሞተሩ የሚተነፍስ ዘይት እዚያ ያልፋል። ላቫጆ ቤት ፊልትሮ በኃይለኛ አየር የሚነፉላችሁ ደግሞ ከውጭ ወደ ውስጥ እንዳይሆን። ወረቀቱ በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ያወጣል። ከውስጥ ወደ ውጭ፣ በቀስታ። ሁለት ሦስቴ ከተነፋ በኋላ ደግሞ በአዲስ ቀይሩት።

ወደ ናፍጣው እንምጣ። ፖምፓውና ኢንጄክተሩ ውስጥ ያሉት ክፍሎች በጥቂት ማይክሮን ክፍተት ነው የሚንቀሳቀሱት። የሚያለሰልሳቸው ሌላ ዘይት የለም። ናፍጣው ራሱ ነው። ስለዚህ ውሃ የገባበት ወይም ላምባ የተቀላቀለበት ናፍጣ በቀጥታ ብረቱን ይጎዳል። የናፍጣ ፊልትሮው ሥር ውሃ የሚጠራቀምበት ቦታ አለ። ውሃው ሲበዛ ዳሽቦርድ ላይ ቢጫ መብራት ይበራል። መብራቱ ከበራ መኪናውን አቁማችሁ ከፊልትሮው ሥር ያለውን ማፍሰሻ ሁለት ዙር ያህል አላሉትና ከላይ ያለውን የእጅ ፖምፓ ጫን ጫን አድርጉ። ውሃው ወጥቶ ንጹሕ ናፍጣ ሲመጣ ዝጉት። ይሄን ማንም ሰው ይችላል። ረዳቱም ቢያውቀው ጥሩ ነው። መብራቱን ችላ ብሎ ጅማ ድረስ መሄድ ግን አራት ኢንጄክተር ሊያስከፍል ይችላል።

ናፍጣችሁን እስኪያልቅ አትንዱ። ፖምፓው አየር ሲስብ ማለስለሻውን ያጣል፤ ከታንኩ ሥር የተኛው ደለልም ያን ጊዜ ነው የሚነሳው።

ኢንጄክተር ሲያረጅ ደግሞ በደንብ ስለማይዘጋ ያንጠባጥባል። በ1ኬዲ ላይ የፒስተን መሰንጠቅ የታወቀ ችግር ነው፤ የሚያንጠባጥብ ወይም ከልክ በላይ የሚረጭ ኢንጄክተር ያባብሰዋል። ለዚህ መፍትሔው በጆሮ መገመት ሳይሆን በኮምፒውተር ማንበብ ነው። ሞተሩ ሞቆ ቆሞ ሲሠራ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የሚሰጠው የናፍጣ ማስተካከያ ቁጥር ይታያል። በመደመርም ሆነ በመቀነስ ከ3 በላይ የወጣ ካለ ያ ኢንጄክተር ተፈትሾ ይታይ። አዲስ ሲገጠም ደግሞ ኢንጄክተሩ ላይ የተጻፈ ኮድ አለ። ያ ኮድ ወደ ሞተሩ ኮምፒውተር መግባት አለበት። ሳይገባ መኪናው ይነሳል፣ ይሄዳል፤ ኮምፒውተሩ ግን የሌላ ኢንጄክተር ልክ ይዞ ነው የሚረጨው። መካኒካችሁን “ኮዱን አስገባህ ወይ?” ብላችሁ ጠይቁት።

ስለ ማቀዝቀዣው አንድ ነገር ልበል። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ሞተሩ ደግሞ በዚያው ሙቀት አካባቢ ነው የሚሠራው። ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊት ነው። ክዳኑ ጎማው ካለቀ ጤነኛ ሞተር ዳገት ላይ ያፈላል፣ ከዚያ ሰው ቴስታታ ያወርዳል። ርካሽ ነገር ነው፤ ቀይሩት። ከቧንቧ ውሃ ይልቅ ኩላንት የሚባለውን የማቀዝቀዣ ፈሳሽ ተጠቀሙ፤ ውሃ ብቻውን ውስጡን ያዝጋል። “ያሞቃል” ብሎ ቴርሞስታቱን፣ ማለትም የሞተሩን ሙቀት የሚቆጣጠረውን ክፍል፣ አውጥቶ የሚጥል መካኒክ ካጋጠማችሁ ደግሞ መልሱት በሉት። ሙቀቱ ላይ የማይደርስ ናፍጣ ሞተር በደንብ አያነድም። ያልነደደው ናፍጣ በፒስተኑ ጎን ወደ ዘይቱ ይወርዳል። አያችሁ፣ ዞሮ ዞሮ ወደ ዘይት ነው የምንመለሰው።

ጥያቄዎቻችሁን ልቀበል።

አንድ ወንድማችን የጠየቀው ኢጂአርን ስለመድፈን ነው። ኢጂአር ከጭሱ ጥቂቱን መልሶ ወደ አየር መግቢያው ይልካል። ዓላማው የቃጠሎውን ሙቀት ቀንሶ መርዛማ ጋዝ መቀነስ ነው። ችግሩ ጥቀርሻው ከዘይት እንፋሎት ጋር ተጣብቆ የአየር መግቢያውን ማጥበቡ ነው። ያልጸዳ መግቢያ ከግማሽ በላይ ተደፍኖ ይገኛል። ብዙ ሰው በቆርቆሮ ይደፍነዋል። እኔ አልመክርም። አየሩን የምንተነፍሰው እኛው ነን፤ ልጆቻችን በመንገድ ዳር ነው ትምህርት ቤት የሚሄዱት። መግቢያውን አውርዶ ማጽዳት የአንድ ቀን ሥራ ነው። ስትመለሱ የመኪናው ትንፋሽ እንደተለወጠ ራሳችሁ ታውቁታላችሁ።

ሌላ እህታችን ከደብረ ብርሃን ጠዋት ጠዋት አልነሳ ስለሚላት መኪና ጠይቃለች። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ላይ ነው፤ ብርዱን ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ የማሞቂያ ካንዴላዎቹ ይፈተሹ፤ እነዚህ ብልጭታ አይሰጡም፣ ሲሊንደሩን ያሞቃሉ እንጂ። ከአራቱ አንዱ ወይም ሁለቱ ከሞቱ ሞተሩ ሲነሳ ይንቀጠቀጣል፣ ነጭ ጭስ ይሰጣል፣ ከደቂቃ በኋላ ይስተካከላል። ቁልፉን ስትከፍቺ የማሞቂያው መብራት እስኪጠፋ ጠብቂ። ባትሪውም ይታይ፤ የደከመ ባትሪ ሞተሩን ቀስ ብሎ ካዞረው አየሩ በበቂ አይሞቅም። ከተነሳ በኋላ ደግሞ ነዳጅ አትርገጪ። ዘይቱ ቱርቦው ጋ እስኪደርስ ግማሽ ደቂቃ ስጪውና በቀስታ ተነሺ። ለሩብ ሰዓት ቆሞ ማሞቅ ግን አያስፈልግም፤ ናፍጣ ሞተር ቆሞ ሳይሆን እየሄደ ነው የሚሞቀው።

ሰማያዊና ጥቁር ጭስ እንዴት እንለይ ያላችሁት ጥቁሩ አየር ማነስ ወይም ናፍጣ መብዛት ነው። ሰማያዊው ዘይት ነው። ነጩ በብርድ ጠዋት ከሆነ ያልነደደ ናፍጣ ነው፤ ሞተሩ ሞቆም ካልተወና ራዲያተሩ ውሃ ካጎደለ ቴስታታው ይታይ።

የመጨረሻው ጥያቄ ከወደ ኋላ የመጣው ነው። ሁለተኛ እጅ 2ኬዲ ገዝቷል፣ የታይሚንግ ቺንጋው፣ ማለትም የቫልቮቹንና የፒስተኖቹን እንቅስቃሴ የሚያገናኘው ቀበቶ፣ መቼ እንደተቀየረ አያውቅም። 1ኬዲም 2ኬዲም በቺንጋ ነው የሚሠሩት፤ አዳዲሶቹ 1ጂዲ እና 2ጂዲ በሰንሰለት ናቸው። ቺንጋው መኪናው እንደተሸጠበት አገር በ100,000 ወይም በ150,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል ተብሎ የተሠራ ነው። ሲደርስ ዳሽቦርድ ላይ መብራት ይበራል። ነገር ግን መብራቱን ቺንጋ ሳይቀይሩ ማጥፋት ይቻላል። ስለዚህ አለመብራቱ ማስረጃ አይሆንህም። ኪሎ ሜትሩ ራሱ የወረደ ሊሆን ይችላል። ቺንጋው ከተበጠሰ ቫልቮቹ ከፒስተኑ ጋር ይጋጫሉ። ያኔ የምትከፍለው የቺንጋ ሳይሆን የቴስታታ ነው። የማታውቀው ከሆነ በዚህ ወር ቀይረው፤ መወጠሪያውም አብሮ ይቀየር፣ የውሃ ፖምፓውም በዚያው ይታይ። ሲያልቅ የቀየርክበትን ቀንና ኪሎ ሜትር በማይጠፋ ቀለም ቺንጋው ክዳን ላይ ጻፍበት።